ማስተካከያ፦ የልጆች ፓራሲታሞል ሽሮፕ ሁሉ እኩል አይደለም

ሰሞኑን "የልጆች ፓራሲታሞል የትኛውም ቢሆን 5 ሚሊ ሊትሩ 120 ሚሊ ግራም ነው" የሚል መልእክት ሲዘዋወር ነበር። ልክ አይደለም፤ የተቀበላችሁ እባካችሁ ለላከላችሁ ሰው ጭምር ንገሩት።

ሚሊ ግራም የመድኃኒቱ ክብደት ነው፤ ሚሊ ሊትር ደግሞ በሲሪንጅ የምትቀዱት የፈሳሹ መጠን። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ብቻ ነው። 120 በ5 የሚል አለ፣ 250 በ5 የሚልም አለ። ለጨቅላ በጠብታ ከሚሰጠው ውስጥ ደግሞ 1 ሚሊ ሊትሩ ብቻውን 100 ሚሊ ግራም የያዘ አለ፤ እሱ በትንሽ ፈሳሽ ብዙ መድኃኒት የያዘ ነው፣ ከሽሮፕ ጋር እንዳታምታቱት።

ሐኪሙ ለ12 ኪሎ ልጅ 180 ሚሊ ግራም አዘዘ እንበል። 120ውን ለ5 ስታካፍሉት በ1 ሚሊ ሊትር 24 ሚሊ ግራም ይወጣል፣ 180ን ለ24 ስታካፍሉ 7.5 ሚሊ ሊትር። ከ250ው ጠርሙስ ከሆነ ግን 250 ለ5 ሲካፈል 50 ስለሚወጣ 180 ለ50 ነው፣ 3.6 ሚሊ ሊትር ብቻ። በስህተት ከዚህኛው 7.5 ብትቀዱ ልጁ 375 ሚሊ ግራም ወሰደ ማለት ነው፣ ከታዘዘው እጥፍ በላይ! ፓራሲታሞል ሲበዛ ደግሞ ጉበት ይጎዳል፣ ምልክቱም ቶሎ ላይታይ ይችላል።

የቤት ማንኪያም ይቅር፣ ትልቅና ትንሽ አለው። ፋርማሲ ስትገዙ ሲሪንጅ ጠይቁ፣ ለልጁ ስንት ሚሊ ሊትር እንደሚሰጥም ጠርሙሱ ላይ አስጽፉ። አሞክሳሲሊን የሚባለው የአንቲባዮቲክ ሽሮፕም እንዲሁ በ5 ሚሊ ሊትር 125 ሚሊ ግራም የያዘና 250 የያዘ አለው።