ፎቶው አለ፤ ድምፁስ?

ወገኖቼ፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። ራሴንም ጨምሬ ስለሆነ አትቀየሙኝ።

ሰው ሲሞትብን መጀመሪያ የምንፈልገው ፎቶ ነው። አንዱ ከስልኩ፣ ሌላው ከአሮጌ አልበም ያወጣል። ሳይመሽ 50 ፎቶ ይሰበሰባል። ከዚያ አንድ ሰው ቀስ ብሎ «ድምፁ ያለው አለ?» ይላል። ያኔ ሁሉም ጭጭ። ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ ሲመክረን፣ ሲያስቀን፣ ስለ መብታችን ሲጮህልን ኖሯል። ከዚያ ሁሉ ንግግር የተረፈችው «ደርሻለሁ፣ በሩን ክፈቱልኝ» የምትል የሦስት ሰከንድ ቮይስ ናት። እሷም የተገኘችው አንድ ሰው ቀፎ ሳይቀይር ስለቆየ ነው።

የኔ ጥፋት ደግሞ ይብሳል። አክስቴ በወጣትነቷ የሠራተኛ ማኅበር ውስጥ ነበረች። ስለ አድማው፣ ስለ ታሰረችበት ጊዜ ያወራችበት አንድ ካሴት ቤታችን ነበር። ካሴት የምታውቁ ታስታውሱ እንደሆነ፣ በጀርባው በኩል ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች አሉት። እነሱ ከተሰበሩ ቴፑ በላዩ ላይ አልቀዳም ይላል። የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ማንም አልሰበራቸውም። እኔ በ14 ዓመቴ ከሬዲዮ ዘፈን ቀዳሁበት። ዘፈኑ ሲያልቅ፣ ክሩ ሊያበቃ ጥቂት ሲቀረው፣ አክስቴ ትመጣለች፦ «...እና የዚያን ቀን አንድም ሰው አልፈረመም።» ቀጭ። ምኑን ነው ያልፈረሙት? ማን ፈርሙ አላቸው? አሁን የምጠይቃት የለችም። ዘፈኑን ግን እስኪሰለቸኝ ሰማሁት።

ልጅ ነበርኩ ብዬ አመልጥ ይሆናል። እናንተ ትልልቆቹስ?

እስቲ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1964 ኔልሰን ማንዴላ ፕሪቶሪያ ውስጥ ከተከሳሾች ሣጥን ቆመው ሦስት ሰዓት ገደማ ተናገሩ። ካስፈለገ ልሞትለት ዝግጁ ነኝ ያሉበት ንግግር ነው። ያንን ድምፅ የቀዳው ማን ይመስላችኋል? ጓዶቻቸው? አይደሉም። የከሰሳቸው መንግሥት ፍርድ ቤት ነው! ችሎቱ ዲክታቤልት በሚባል ስስ የፕላስቲክ ቀበቶ ላይ ይቀዳ ነበር። ለታሪክ ታስቦ አይደለም፤ ለመዝገብ ነው። ከ200 ሰዓት በላይ ቅጂ ተረፈ። አብረዋቸው የተከሰሱት ዋልተር ሲሱሉ በዐቃቤ ሕጉ ጥያቄ ሲፋጠጡ፣ አሕመድ ካትራዳ ሲመልሱ ይሰማል። በጽሑፉ ላይ የማይገኘው እዚያ አለ፤ ዝምታው፣ ትንፋሹ፣ ከመልሱ በፊት ያለችው ቆይታ። ማጫወቻው ማሽን ከገበያ ሲጠፋ ቀበቶዎቹ ለዓመታት ዱዳ ሆነው ተቀመጡ። አብዛኛውን ወደ ዲጂታል የገለበጠው በኋላ የፈረንሳይ ብሔራዊ የኦዲዮቪዥዋል ተቋም ነው፤ ለዚሁ በተሠራ ልዩ መሣሪያ።

እንግዲህ ይታያችሁ። አሳሪው የታሳሪውን ድምፅ አስቀመጠ። እኛ ወዳጅ ነን ባዮቹ ግን በወዳጃችን ድምፅ ላይ ዘፈን እንቀዳለን።

ቁምሳጥን ውስጥ ካሴት ያላችሁ፣ «አለ፣ አይጠፋም» አትበሉ። ክሩ ላይ ያለው ድምፅ የብረት ብናኝ ነው፤ ብናኙን የያዘው ደግሞ ሙጫ ነው። እርጥበት ሙጫውን ያላላዋል፤ ሲጫወት ብናኙ ማጫወቻው ላይ ይቀራል። ክሩ ቢተርፍ እንኳ የሚያጫውተው ቴፕ እያለቀ ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2019 ከድምፅ መዛግብት ባለሙያዎች ጋር ሆኖ አስጠንቅቆ ነበር፤ እስከ 2025 ገደማ ያልተገለበጠ ክር ከዚያ በኋላ የሚያጫውተው ላያገኝ ይችላል ብሎ። ያ ዓመት መጣ፣ ሄደ። ካሴታችሁ አሁንም እዚያው ካርቶን ውስጥ ነው።

ዛሬ ማታ አውጡት። መጀመሪያ ጥርሶቹን ስበሩ። የሻገተ ከሆነ አታጫውቱት፣ ለሚያውቅ ሰው ስጡ። ደህና ከሆነ ድምፁን ሳይቀንስ በሚይዝ በዌቭ (WAV) ፋይል ገልብጡት። ኤምፒስሪ ፋይሉን የሚያሳንሰው ከድምፁ ቀንሶ ነው፤ ለመላላክ ይሁን፣ ለማስቀመጥ አይበቃም። ሦስት ቦታ አኑሩት፤ አንዱ ቅጂ ሌላ ሰው ቤት ይደር። ፍላሽ ብቻውን ማስቀመጫ አይደለም፣ ኪስ ነው እንጂ።

ስልክ በእጃችን ስላለ ደግሞ ሁሉን የቀዳን ይመስለናል። የቀዳነው ጫጫታ ነው። የምትወዷትን ሴትዮ አስቀምጡና አንድ ሰዓት ስጧት። ቴሌቪዥኑን አጥፉ። ስሟን፣ ቀኑንና ቦታውን መጀመሪያ ላይ በድምፃችሁ ተናገሩ፤ የፋይሉ ስም «ኦዲዮ 0047» ሆኖ ቢቀር እንኳ ድምፁ ራሱ ማንነቱን ይናገራል። «ስለ ትግሉ ንገሪን» አትበሏት፤ እንደዚያ ከተጠየቀች የመድረክ ንግግር ነው የምትሰጣችሁ። «ያን ቀን ጠዋት ማን ነበር የቀሰቀሰሽ?» በሏት። ዝም ስትል አትጣደፉ፤ ከዝምታዋ በኋላ የሚመጣውን ነው የምንፈልገው። (ቀኑን ብትሳሳት ደግሞ አታርሟት። እባካችሁ። ቀን በኋላ ይታረማል።)

ማኅበር፣ ንቅናቄ፣ የመብት ቡድን የምትመሩ፣ ለእናንተ የተለየ ቃል አለኝ። የስብሰባችሁን ድምፅ እንዳገኛችሁ በአደባባይ አትበትኑ። በድምፁ ሊታሰር የሚችል ሰው በቅጂው ውስጥ አለ። ስሙን ብትደብቁት ጎረቤቱ በሳሉ ያውቀዋል። የሚቆለፍ ቦታ አስቀምጡት፤ ቁልፉን የሚይዙት ሰዎች ግን ከአንድ በላይ ይሁኑ፤ አንዱ ቢታሰር ቅጂው አብሮት እንዳይጠፋ።

በዚህ ላይ ሰነፎች ሆነን «ፈቃድ» የምትባለዋን እንዘላታለን። እ.ኤ.አ. በ1898 ንግሥት ቪክቶሪያ ለዐፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ በፎኖግራፍ፣ በዚያ ዘመን የድምፅ መቅጃ፣ የተቀዳ መልእክት ልካ ነበር። መልእክቱ ተሰምቶ ሲያበቃ ቅጂው እንዲጠፋ ፈለገች፤ ጠፋም። የድሮ ድምፅ ለሚወድ ሰው ይህ ያንገበግባል፤ እኔንም ያንገበግበኛል። ግን ድምፁ የእሷ ነበር። እንግዲህ ቀድታችሁ ስትጨርሱ መቅጃውን ከማቆማችሁ በፊት ሴትዮዋን «ይሄን ማን ይስማው? ከመቼ ጀምሮ?» በሏት። መልሷንም እዚያው ቅዱት።