ሳህን ላይ የታየው ክብ

ወገኖቼ፣ ኧረ ተዉ! ዛሬ ለስለስ ብዬ አልናገራችሁም።

ሰሞኑን ከሜክሲኮ ፒያሳ ታክሲ ስይዝ አንዲት እናት አጠገቤ ተቀመጡ። እግራቸው በፋሻ ተጠቅልሏል። ከፋሻው ጠርዝ አረንጓዴ ነገር ብቅ ብሏል። ጤና አዳም ነው፤ ሽታው ታክሲውን ሞልቶታል። «ስኳር አለብኝ ልጄ፣ ቁስሉ አልሽር አለኝ» አሉኝ። ሐኪም ለቁስሉ ያዘዘላቸውን አንቲባዮቲክ፣ ማለትም ባክቴሪያ የሚያጠፋ ክኒን፣ በሦስተኛው ቀን ትተውታል። ለምን ስላቸው ስልካቸውን አሳዩኝ። «ጤና አዳም ባክቴሪያ እንደሚገድል በጥናት ተረጋገጠ! ለሚወዱት ሰው ሼር ያድርጉ» ይላል። ይሄን ሳነብ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታልን እያለፍን ነበር።

ኑሮዬ ላብራቶሪ ውስጥ ነውና «ተረጋገጠ» የምትሉት ነገር እንዴት እንደሚሠራ ልንገራችሁ። ቅጠሉ ጥላ ላይ ይደርቃል። ይወቀጣል። በኤታኖል ወይም በሜታኖል ይዘፈዘፋል። ከዚያ ይጣራና አልኮሉ እንዲተን ይደረጋል። የሚቀረው የሚያጣብቅ ጥቁር አረንጓዴ ዝቃጭ ነው። ባክቴሪያው ደግሞ በላብራቶሪ ሳህን ውስጥ፣ ሙለር ሂንተን አጋር በሚባል፣ እንደ ጄሎ በረጋ ምግብ ላይ በጥጥ ይቀባል። 6 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላት ክብ ወረቀት ዝቃጩ ሟሙቶ ይጨመርባትና ላዩ ላይ ትቀመጣለች። ሳህኑ 37 ዲግሪ ሙቀት ውስጥ ያድራል። ጠዋት ሲወጣ በወረቀቷ ዙሪያ ባክቴሪያ ያልበቀለበት ጥርት ያለ ክብ ይታያል፤ ከታየ። እሱን በማስመሪያ እንለካለን። በቃ፣ ይኸው ነው። ለዚያውም ክቡ «አላደገም» ይላል እንጂ «ሞቷል» አይልም። ለማወዳደሪያ ከጎን በምናስቀምጣት፣ ሲፕሮፍሎክሳሲን የሚባል አንቲባዮቲክ ባለባት ወረቀት ላይ ያለው መድኃኒት 5 ማይክሮግራም ብቻ ነው። በቅጠሉ ወረቀት ላይ ብዙ ጊዜ ከዚህ በመቶ እጥፍ የሚበልጥ ይደረጋል።

ሳህን ላይ እኮ በረኪናም ይገድላል! በረኪና የሚጠጣ አለ?

ሳህኑ ጉበት የለው፣ ኩላሊት የለው። ቅጠሉ ሰውን ይጎዳ አይጎዳ አይነግራችሁም። ምን ያህል መጠን ደም ውስጥ እንደሚገባም አይነግራችሁም። ደግሞስ እኛ በኤታኖል ያወጣነውና እናንተ በውኃ ያፈላችሁት አንድ ነው ያለው ማነው?

ቅጠል ትንቃለች እንዳትሉኝ። ምች በመታኝ ቁጥር እናቴ ዳማከሴ ጨምቃ ነው ያሳደገችኝ። ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አዩ። የቢልሃርዚያን ተሸካሚ ቀንድ አውጣ እንዶድ ይገድላል ብለው ግን ባዩት ብቻ አልፈረዱም። ዓመታት ፈጅተው ፈተሹት። ቅጠል ማክበር እንዲህ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ቁጣዬ ልምጣ። ቅጠሉን ይህን ያህል ለምን እንደምንፈትሽ ታውቃላችሁ? አንቲባዮቲክ ክኒኑ ባክቴሪያውን አልገድል እያለ፣ እምቢ እያለ ስለሆነ ነው። ክኒኑን እምቢተኛ ያደረገው ማነው? እኛው ነን! ያለ ማዘዣ ፋርማሲ ገብታችሁ «አሞክሳሲሊን አምስት ፍሬ ስጪኝ» ትላላችሁ። ትንሽ ሲሻላችሁ ታቆማላችሁ። የተረፈውን ለጎረቤት ልጅ ታካፍላላችሁ፣ እንደ ቡና ቁርስ። ከመድኃኒቱ የተረፈው ባክቴሪያ ተላምዶት ይራባል። እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ሳቢያ በዓለም ላይ 1.27 ሚሊዮን ሰው እንደሞተ ተገምቷል። እና ክኒኑን እኛው አበላሽተን፣ ገና ያልተፈተሸ ቅጠል ይዘን እንሮጣለን።

ሐኪም ፊት ስትቀርቡ ደግሞ ዝም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባል ነበር። እናንተ በሽታውን ነግራችሁ መድኃኒቱን ትደብቃላችሁ! የጠጣችሁትንም የለጠፋችሁትንም ንገሩት። ቢቆጣ ይቆጣ።

እኒያን እናት ክኒኑን ስላቆሙት ዛሬውኑ ወደ ሐኪማቸው እንዲመለሱ ለመንኳቸው። «እስኪ» አሉኝ። የቸርችልን ጎዳና ወጥተን ከታክሲው ልንወርድ ስንል መልእክቱን ማን እንደላከላቸው ጠየቅኳቸው። የእህታቸው ልጅ ናት፤ ባንክ ነው የምትሠራው። የተማረች፣ ለሰው አሳቢ ልጅ ናት አሉኝ።