ይሉኝታ ማርሽ የለውም

ጅማ ውስጥ ጎልማሳ ሰው ብስክሌት ሲጀምር መጀመሪያ የሚፈትነው ዳገቱ ሳይሆን ጎረቤቱ ነው። "ምነው ጋሼ፣ ቤንዚን ጠፋ እንዴ?" ይላል ባጃጅ ነጂው። "ሐኪም አዞህ ነው ልጄ?" ይላሉ እማማ በራቸው ላይ ቆመው። ብስክሌት የልጅ ነዋ! በሰዓት ተከራይቶ ጉልበቱን ልጦ የሚመልሰው ዕቃ። ስለዚህ ጀማሪው መንዳት ሳይለምድ ይሉኝታ ተሸክሞ ይነሳል፤ ይሉኝታ ደግሞ ከ15 ኪሎ ብስክሌት ይከብዳል።

ይሉኝታው አስቀድሞ የሚያርፈው ኮርቻው ላይ ነው። ሰው ፊት ላለመውደቅ ኮርቻውን ዝቅ አድርጎ ሁለት እግሩን መሬት ያስረግጣል። ሲነዳ ጉልበቱ አገጩን ሊመታው ይደርሳል፤ በሦስተኛው ቀን ያነክስና እማማን ትክክል ያደርጋቸዋል። ልኩን ማግኘት ቀላል ነው፦ ግድግዳ ተደግፎ መቀመጥ፣ ፔዳሉን እታች ማድረስ፣ ተረከዝን ማሳረፍ። እግር ቀጥ ካለ ኮርቻው ልክ ነው። ቁልቁለት ሲመጣ ግን አራት ጣት ያህል ይወርዳል፤ ሰውነት ወደ ኋላ የሚሸሽበት ቦታ ይፈልጋላ።

ከዚያ ጎሚስታ። የጎሚስታ እምነት አንድ ነው፦ ጎማ ሲመቱት እንደ ከበሮ ካልጮኸ አልተነፋም። አይሱዙ ሲነፋ የዋለ እጅ ነው፣ አይፈረድበትም። 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው፣ ስፋቱ ሁለት ኢንች ከሩብ ለሆነ የተራራ ጎማ ግን ከ28 እስከ 32 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያው ነው) ይበቃል። 50 ሲገባበት ድንጋዩን ማቀፉ ቀርቶ ይዘለዋል፤ እርጥብ የዛፍ ሥር ላይ እንደ ሳሙና ይሄዳል። ጀማሪው ይህን እያወቀ "በቃኝ" አይልም፤ ባለሙያ ማረም ነውር ነውና አመስግኖ፣ ከፍሎ፣ ጥግ ዞር ብሎ ያስተነፍሳል። ይሄም ጥበብ ነው፤ ችግሩ በእልህ ወደ 15 ማውረዱ ነው። ያኔ ቸርኬው ከድንጋይ ጋር ተባብሮ የውስጡን ጎማ ይነክሰዋል፦ እባብ እንደነደፈው፣ ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ። ሁለት ቀዳዳ ያየ እሾህ ፍለጋ አይድከም፣ አየር ይጨምር። ቀዳዳው አንድ ከሆነ የውጭውን ጎማ ውስጡን በጣት ቀስ ብሎ መዳሰስ ነው፤ እሾሁ እዚያው ካለ አዲሱንም ይበሳዋል። ማስቲሹ ደግሞ እንደተቀባ አይለጠፍበትም። አምስት ደቂቃ ያህል ይጠበቃል፣ ጣት ላይ መጣበቁን ሲተው ይለጠፋል።

ፍሬን ላይ መንደሩ ሁሉ መካሪ ነው፦ "የፊቱን እንዳትነካ!" ምክሩ ግማሽ እውነት ስለሆነ ከሙሉ ውሸት ይብሳል። ሲቆሙ ክብደት ወደ ፊት ይሄዳል፤ ስለዚህ ትልቁን የማቆም ሥራ የሚሠራው የፊቱ ነው። ሰው በመሪው ላይ የሚገለበጠው ክንዱን ገትሮ በድንጋጤ ሲጨብጠው ነው። አንድ ወይም ሁለት ጣት፣ ቀስ በቀስ፣ መቀመጫ ወደ ኋላ፤ ሣር ሜዳ ላይ 20 ጊዜ። የቱ እጀታ የፊቱ እንደሆነም ሳይወጡ እየገፉ መሞከር ነው፤ ከብስክሌት ብስክሌት ይለያያል።

አሁን ጅሬን። እዚያ ኮረብታ ላይ ያለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ከከተማው 7 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጀማሪው ዳገቱን በከባድ ማርሽ ይጋፈጣል፤ በቀላሉ ከሆነ እግሩ እንደ ሲንጀር መኪና ይሽከረከርና ያስቅበታላ። ይሳቅበት! ከፊት ትንሿ ጥርስ፣ ከኋላ ትልቋ፣ ያውም ዳገቱ ሳይጀምር። እያቃሰቱ ሲቀይሩት ካቴናው ይንጓጓል፣ አንዳንዴም ይበጠሳል። ወርዶ መግፋትም ያለ ነው። ስልክ እያወራ የቆመ ለመምሰል ባዶ ስልክ ጆሮው ላይ የሚለጥፍ አለ፤ ላቡን ያየ ማንም አያምነውም።

መንገድ ላይ ጀበና ከተጣደ ደግሞ ሰዓቱ እንደገና ይሰላል። አቦልን ጠጥቶ ከቶናና ከበረካ በፊት ኮርቻ ላይ መውጣት በጅማ አይደረግም።

ክረምት ቀዩ ጭቃ ጎማና ሹካ መካከል እንደ ምርጊት ይሞላል፤ ለዚያ እንጨት መያዝ ነው። ብስክሌቱን ላቫጆ መውሰድ ግን ጥፋት ነው፦ ኃይለኛው ውኃ ኩሽኔታ ውስጥ ገብቶ ግራሱን ያጥባል። ባልዲና ብሩሽ ይበቃል። ካቴናው ሲደርቅ ቀጭን ዘይት ጠብ ጠብ አድርጎ ትርፉን መጥረግ፤ ጋራዥ የሚሰጠው የተቃጠለ ዘይት በነጻ ቢሆንም አቧራ ሰብስቦ ጥርሱን እንደ ሞረድ ይበላዋል።

የፈረስ ስም በሚወጣበት አገር ጀማሪው ሳምንት ሳይሞላው "አባ ካቴና" ተብሎ ይጠራል። ከጅሬን ሲወርድ ስሙ ከግራም ከቀኝም ይመጣል። ሁለቱ ፔዳሎች እኩል ከፍታ ላይ፣ ክርኑ እጥፍ፣ ዓይኑ ከጎማው ሳይሆን ዐሥር ሜትር ወደ ፊት፣ ጣቶቹ ፍሬን ላይ ናቸውና እጅ አያነሳም፤ ሰላምታው በአንገት ብቻ ነው። ታች ደርሶ ትንፋሽ ሳይሰበስብ ስልኩ ይጮኻል፤ እማማ ናቸው።

"ብስክሌት ገዛህና ኮራህብን እንዴ ልጄ?"