ይድረስ በረንዳችን ላይ ለሚደፋው ባልዲ ውሃ

ለተከበርከው ባልዲ ውሃ፣
ካለህበት፣ ከዚራ፣ ድሬዳዋ።

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ። የወገቤን ነገር አንተ ታውቀዋለህ። ባለፈው ማክሰኞ በጠዋቱ ፉል ልበላ ስወጣ አንተን ረግጬ ሁለት እግሬ ሰማይ አየ። አክብሬ «እርስዎ» ልልህ አስቤ ነበር። ግን የድሬ ልጅ ነኝ፤ አንቱታ አይሆንልኝም አቦ።

ለማያውቁህ ላስተዋውቅህ። ቀን ቀን የሱቁ መወልወያ ነህ። ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ዘበኛው አንስቶ በረንዳው ላይ ይደፋሃል፤ ጎዳና አዳሪዎቹ እንዳይተኙ። ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ደግሞ ትደገማለህ፤ ያም ሆኖ የተኙት እንዲነሱ። ቧንቧችን ውሃ የሚያየው በፈረቃ ነው። ተራችን ደርሶም የሚቀርበት ቀን አለ። አንተ ግን አንድም ቀን ቀርተህ አታውቅም። ልጅ ለማጠብ የጠፋው ውሃ ልጅ ለማባረር ከየት እንደሚገኝ ሁሌም ይገርመኛል።

አንድ ነገር ልንገርህ፤ አትቀየመኝ። ያለኸው ድሬ ነው። እዚህ አገር በሙቀት ወራት ሰው ከመተኛቱ በፊት ቤቱ ወለል ላይ ውሃ ይረጫል፤ እንዲቀዘቅዝለት። አልጋውን ግቢ አውጥቶ የሚተኛም ሞልቷል። ባለፈው ሰኔ አንተ ከተደፋህ በኋላ አንድ ልጅ ማዳበሪያውን በብብቱ ይዞ ከመንገዱ ማዶ ቆሞ አየሁት። ጢሙ ገና ማቀምቀም የጀመረ ልጅ ነው። ምን እንደሚጠብቅ ጠየቅኩት።

«ሲሚንቶው እስኪጠጣው ነዋ አቦ! ካልደፉበትማ መች ያስተኛል? ምጣድ ነው እኮ።»

ግማሽ ሰዓት አልሞላም። በረንዳው ላይ ከአንተ የቀረው ያ የድሬ ውሃ ነጭ ኖራ ብቻ ሆነ። ልጁ ማዳበሪያውን አነጠፈና ተጋደመ። ለካ አንተ አልጋ አንጣፊ ነህ! ታህሳስና ጥር ላይ፣ የሌሊቱ ንፋስ ሲበርድ ነው በደንብ የምትሠራው። ያኔ ልጆቹ አስር እርምጃ ይሄዳሉ። ከአስር እርምጃ በኋላ ሌላ ሱቅ አለ። ሌላ ባልዲም አለ።

ባለሱቁን «ምን አድርገውህ ነው?» ብዬው ነበር። «ሰርተው አይበሉም?» አለኝ። ጥያቄው ጥሩ ነው፤ ችግሩ ልጁ መስራቱ ነው። ቀን ቀን ከአይሱዙ ላይ የዚያኑ ሱቅ ስኳር በጀርባው የሚያወርደው እሱ ነው። ኩንታሉ በረንዳው ላይ ቢያርፍ ማንም ውሃ አይደፋበትም። እንዲያውም ሸራ ያለብሱታል።

ደግሞ ሱቁ ሰራተኛ ይፈልጋል። ማስታወቂያው መዝጊያው ላይ ተለጥፏል። አንተ ስትፈናጠቅ ታችኛውን ጫፍ አርሰኸው ቀለሙ ፈሷል፤ ግን ይነበባል፤ «መታወቂያና ዋስ ያለው»። መታወቂያ የሚሰጠው ቀበሌ ነው። ቀበሌ የቤት ቁጥር ይላል፤ ከሌላ ቦታ የመጣ ከሆነም መሸኛ። የቤት ቁጥር እንዲኖር ቤት መከራየት ነው። አከራይ መታወቂያና የሁለት ወር ቅድሚያ ይላል። ለቅድሚያው ሥራ ያስፈልጋል። ሥራው ማስታወቂያው ላይ ነው። ማስታወቂያው አንተ ጋ ነው።

በርጫ ላይም ጉዳዩ ይነሳል። ከሰዓት በኋላ ቅጠሉ ሲሞቅ ጥፋተኛ አይጠፋም። አንዱ «የወላጅ ጥፋት ነው» ይላል። ሌላው «ማስቲሽ ነው ያበላሻቸው» ይላል፤ ጉንጩን ወጥሮ። (ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ቁጭ ብሎ ስለ ሥራ ፈት ማውራት ልዩ ተሰጥኦ ይጠይቃል፤ እኔም አለሁበት።) ልጁ የሐረርጌ ገበሬ ልጅ ነው። የአያቱ ማሳ ለአባቱና ለአጎቶቹ ተከፋፍሎ እሱ ጋ ሲደርስ የሚካፈል ነገር አልቆ ነበር። ይህን በርጫ ላይ ብናገር «ምርቃናዬን አታጥፋ» እባላለሁ።

«ከሌላ ቦታ የመጡ ናቸው» የምትለዋ ደግሞ ታስቀኛለች። ይቺ ከተማ በ1895 ባቡሩ ሲደርስ ከሐዲዱ ጋር የበቀለች ናት። ግሪኩ፣ አርመኑ፣ የመኑ፣ ሕንዱ፣ ከየአገሩ የመጣው ሐበሻ ጓዙን ይዞ ሲወርድ መሸኛ አምጣ ያለው አልነበረም። እኔ ራሴ የመጤ የልጅ ልጅ ነኝ። አያቴን በባልዲ የተቀበላት ሰው ቢኖር ኖሮ ይህን ደብዳቤ ማን ይጽፍልህ ነበር?

መንግሥትም ዝም አላለም። በ1996 አደገኛ ቦዘኔነትን የሚቆጣጠር አዋጅ ወጣ፤ ቁጥሩ 384። በ2011 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ደግሞ ዝቅተኛውን ደመወዝ የሚወስን ቦርድ እንደሚቋቋም ይናገራል። ቦዘኔው ቶሎ ተገኘ። የደመወዝ ወለሉን ሲጠባበቁ ግን ዓመታት ነጎዱ። ልጁ በበኩሉ ወለል አላጣም። እርጥብ ነው እንጂ።

ስለ ዘመዶችህም ሳላነሳ አልቀርም። ትልቁ ወንድምህ የደቻቱ ወንዝ ነው። አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ሆኖ ይከርማል፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ይነግድበታል። በሐምሌ 1998 መጨረሻ ግን ዝናቡ ከላይ ከተራራው ወርዶ ሰው በተኛበት ሌሊት ገባ። ከ200 በላይ ሰው ሞተ፣ ሺዎች ቤት አልባ ሆኑ። ወንዙ ዳር ሰው የሰፈረው ጎርፍ ወዶ አልነበረም፤ አቅሙ የደረሰው እዚያ ስለሆነ ነው። ወንድምህ ቤት ያፈርሳል፤ አንተ ቤት የሌለውን ታባርራለህ። የቤተሰብ ሥራ ይዛችኋል።

ዘበኛውን አትውቀስብኝ። ትናንት ማታ መስኮት ላይ ሆኜ ሲደፋህ አየሁት። በረንዳውን ከዳር እስከ ዳር ሲያርስ በሩ ሥር አንዲት ቦታ ይተዋል። ቁመቷ አንድ ሰው ነው። ስትጨርስ ባልዲውን ደፍቶ፣ ካርቶኑን እዚያች ደረቅ ቦታ ላይ ዘርግቶ ተኛ። እሱም ቤት የለውም። ልዩነቱ መታወቂያ አለው፤ ዋስም አለው።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልምጣ። ባለፈው ሳምንት ቧንቧው ሙሉ በሙሉ ሲጠፋ ባለሱቁ የጀሪካን ውሃ እንግዛ ብሎ ጎረቤቱን መዋጮ ጠየቀ። ወረቀቱን ይዞ የዞረው ዘበኛው ነው። ሀምሳ ሀምሳ ብር። ለምን እንደሆነ አውቃለሁ። ስሜን ጻፍኩ፣ ከፈልኩ፣ ፈረምኩ። አራተኛው መስመር ላይ አለሁ። ደረሰኝ እንኳን አልጠየቅኩም።

ስለዚህ ትንሽ መብት ያለኝ ይመስለኛል። የ11 ሰዓቱን ፈረቃህን ለ12 ተኩል አዛውርልኝ። ፉሌን በልቼ እስክመለስ። ወገቤ ገና አልዳነም።

አክባሪህ፣
የበረንዳው ጎረቤት፣ መስመር 4