ንግሥት፣ ስድስት፣ አራት

ሦስት ካርታ ፖከር የሚባለውን ቁማር ከሚጫወቱ ሰዎች መካከል ሥራ የሚበዛበት አንድም የለም፤ ሁሉም ግን ላብ በላብ ነው። አንዱ ካርታውን ሳይገልጠው ይተነፍስበታል። ሌላው ጥግ ጥጉን በሁለት ጣቱ አንሥቶ የታመመ ሕፃን ዐይን እንደሚመረምር ሐኪም ያጮልቃል። ሦስተኛው በገንዘብ ፈንታ የሚያዙትን ቺፖቹን ይደረድራል፣ ያፈርሳል፣ መልሶ ይደረድራል። ከጥግ የተቀመጡት አዛውንት ደግሞ ካርታ በታደለ ቁጥር ዐይናቸውን ይጨፍናሉ። በዚህ መንገድ ስንት ጊዜ እንደበሉ አላውቅም፤ ሲገልጡ የማየው ፊት ግን የተበላ ሰው ፊት ነው።

ይህ ሁሉ ድካም ምን አመጣው? ጨዋታው ከተጫዋቹ የሚፈልገው አንድ ውሳኔ ነው። አንቴ የሚባለውን የመግቢያ ውርርድ ታስይዛለህ። ሦስት ካርታ ይደርስሃል፤ ለቁማር ቤቱ የሚጫወተው ካርታ አዳይም ሦስት ይይዛል፣ ግን አይገልጥም። ካርታህን አይተህ ወይ ትጥላለህ፣ አንቴህም ተበላ፤ ወይ በአንቴህ ልክ ፕሌይ የሚባለውን ሁለተኛ ውርርድ ጨምረህ ትገጥማለህ። አለቀ። ካርታ መቀየር የለ፣ መሳብ የለ፣ ማስፈራራት የለ። በሌላው ፖከር ባዶ እጅ ይዞ ሙሉ መምሰል ትልቅ ጥበብ ነው፤ እዚህ ግን ፊትህን እንደፈለግህ ብታደርገው አዳዩ የሚያየው ደንቡን ነው። እንዲያም ሆኖ ጥቁር መነጽር አድርጎ የሚመጣ አይጠፋም። ከማን እንደሚደበቅ እንጃ።

ያቺን አንዲት ውሳኔም ቢሆን ሒሳብ አዋቂዎች ሠርተው ጨርሰዋታል። ንግሥት፣ 6፣ 4 ወይም ከዚያ የሚበልጥ ከያዝክ ግጠም፤ ካነሰ ጣል። ንጉሥ ወይም አስ ካለህ የቀሩትን ሁለቱን ማየት እንኳ አያስፈልግህም። ትልቋ ንግሥት ከሆነች ሁለተኛዋን ተመልከት። ከ6 ከበለጠች ግጠም፤ 6 ራሷ ከሆነች ሦስተኛዋ ከ4 ማነስ የለባትም። ይኸው ነው። የሙሉ ጨዋታው ጥበብ በጥፍርህ ላይ ተጽፎ ቦታ ይተርፈዋል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማይሰማውን ነገር ልናገር። በንግሥት፣ 6፣ 4 ትገጥማለህ ማለት ታሸንፋለህ ማለት አይደለም። በአማካይ ትከስራለህ። ብትጥለው አንድ ሙሉ አንቴ ነው የሚሄደው፤ ብትገጥም የሚጠበቀው ኪሳራ ከዚያ በጥቂቱ ያንሳል። ደረቱን ነፍቶ፣ ቺፑን ወደ ፊት ገፍቶ፣ ጎረቤቶቹን በዐይኑ እያዳረሰ የሚገጥመው ሰውዬ በትክክል ሲነገር «ትንሽ ቀንሳችሁ ብሉኝ» እያለ ነው።

አንድ ቀን አጠገቤ የተቀመጠው ሰው በአምስት ካርታ ፖከር ያደገ ነበር። ሦስት አንድ ምልክት ያላቸው ካርታዎች ደርሰውት ሊዘፍን ምንም አልቀረው። አዳዩ ሲገልጥ 5፣ 6፣ 7 ተከታታይ ሆነ፤ ሰውዬው ተበላ። ወንበሩን ገፍቶ ተነሣ። «ተከታታይ ከመቼ ወዲህ ነው አንድ ምልክትን የሚበልጠው?» አለ። ካርታው ሦስት ከሆነ ወዲህ ነዋ! በአምስት ካርታ ተከታታይ የሚወጣባቸው መንገዶች 10,200 ሲሆኑ አንድ ምልክት የሚወጣባቸው 5,108 ናቸው፤ ብርቅየው ይከበራል። በሦስት ካርታ ነገሩ ይገለበጣል፤ ካሉት 22,100 አማራጮች ተከታታይ 720 ብቻ ነው፣ አንድ ምልክት ግን 1,096። ይህን ሁሉ በትህትና አስረዳሁት። አዳዩን ትቶ በእኔ ተቆጣ።

ከሁሉ የሚገርመው ግን አዳዩ «አልበቃሁም» የሚልበት ጊዜ ነው። አዳዩ ለመግጠም ቢያንስ ንግሥት ያስፈልገዋል፤ ከዚያ ያነሰ ከያዘ አንቴህን አንድ ለአንድ ይከፍልና ፕሌይህን እንደነበረ ይመልስልሃል። ከ100 ዙር 30 ያህሉ እንዲህ ነው የሚያልቀው። አንድ ጊዜ ጥንድ አስ ይዤ ነበር። ልቤ ሲመታ ጎረቤቴ የሚሰማው መሰለኝ። አዳዩ ገለጠ፦ ጃክ፣ 8፣ 3። ለዚያ ሁሉ ድንጋጤ የደረሰኝ አንዲት አንቴ ናት። ላም አለኝ በሰማይ! ጠላትህ ጦር ሜዳ ሳይመጣ ቀርቶ የአበል ግማሽ ተሰጥቶህ እንደመመለስ ነው። ያው በዚያው ዙር 9፣ 5፣ 2 ይዞ የጣለው ወጣት ደግሞ ጭንቅላቱን ይዞ «ምነው በገጠምኩ!» ይላል። አሳዛኙ እሱ እንጂ እኔ አልነበርኩም፤ ትክክሉን አድርጎ የተጸጸተ ሰው ማጽናኛ የለውም።

በየጠረጴዛው አንድ መካሪ አለ። የእኛው መካሪ ዘግይቶ መጥቶ ባዶ ወንበር ላይ የተቀመጠን ሰው ሁሉ ይከሳል።

«ወንድሜ፣ ካርታዬን እኮ ወሰድክብኝ።»

«እንዴት አድርጌ?»

«አንተ ባትገባ ያ ንጉሥ ለእኔ ነበር የሚመጣው።»

«ንጉሡ መጣ እንበል፤ ጃኩስ ቢመጣ ኖሮ?»

«ጃኩን ልታስቀርልኝ ትችል ነበር» አለና ፊቱን አዞረ። በደንብ የተበወዘ ካርታ ማን የት እንደተቀመጠ አያውቅም፤ ግን ይህን የሚያምን ሰው ቢኖር መካሪዎች ሁሉ ሥራ ያጣሉ።

አሁን ወደ ዋናው ቀልድ። በንግሥት፣ 6፣ 4 ደንብ የሚጫወት ሰው በአማካይ ከሚያስይዘው አንቴ 3.37 በመቶ ያጣል። ደንቡን የማያውቅ፣ ግን «አዳዩ በንግሥት የሚገጥም ከሆነ እኔም በንግሥት እገጥማለሁ» ብሎ የሚኮርጅ ሰው 3.45 በመቶ ይበላል። ልዩነቱን አስሉት። 10,000 አንቴ ከተያዘ ጠቢቡ 337 ሲያጣ ኮራጁ 345 ያጣል። ስድስቷንና አራቷን ያጠናንባቸው ምሽቶች፣ ያሠመርንባቸው ወረቀቶች፣ ለሰው ያስረዳንበት ጊዜ፣ ሁሉም ተደምሮ ስምንት ነው። ካርታውን ሳያይ ሁልጊዜ የሚገጥመው ደግሞ 7.65 በመቶ ይበላል። ዐይናቸውን የሚጨፍኑት አዛውንት ከዚህ ጎራ መሆናቸውን እጠረጥራለሁ።

የ3.37 ክፋቷ ትንሽነቷ ነው። በ50 ዙር የምትወስደው በአማካይ ሁለት አንቴ አይሞላም። በዚያ መሐል ግን አሥር ትበላለህ፣ አሥራ አንድ ትበላለህ፣ ከዚያ ትበላለህ የሚለው ቃል ይጠብቅና ትበላለህ። የሚታይህ ማዕበሉ እንጂ የምትንጠባጠበው አይደለችም። ስለዚህ ሲቀናህ ብልሃትህ ነው፤ ሲጠፋህ ዘግይቶ የተቀመጠው ሰውዬ ነው።

አዳዩን በጥርጣሬ የሚመለከት ሕዝብ ጠረጴዛው ላይ የታተመውን አለማንበቡ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ፔር ፕላስ የሚባል የጎን ውርርድ አለ፤ ጥንድ ወይም ከዚያ በላይ ከመጣልህ አዳዩ ምንም ይያዝ ምን ይከፈልሃል። ከአራት እጅ ሦስቱ ባዶ እንደሚሆን መቼም ይታወቅ። ክፍያው ግን ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ይለያያል። ሌላው ሁሉ እኩል ሆኖ አንድ ምልክት ለአንድ 4 የሚከፍልበት የታወቀ ሠንጠረዥ ላይ የቁማር ቤቱ ድርሻ 2.32 በመቶ ነው፤ ያቺ 4 ወደ 3 ስትወርድ 7.28 ይሆናል። አንዲት አኀዝ! የአዳዩን እጅጌ ከምናይ ያቺን ብናይ። መካሪያችን እንኳ ስንት ዘመን ክርኑን ያሳረፈው እዚያችው አኀዝ ላይ ነው።

ጨዋታውን በ1994 እ.ኤ.አ. የፈጠረው እንግሊዛዊው የፖከር ተጫዋች ዴሪክ ዌብ ነው። ሰውዬው ኋላ በአገሩ ውርርድ ቤቶች ያሉ የቁማር ማሽኖች እንዲገደቡ ገንዘቡን አውጥቶ ሲሟገት ቆየ፤ በ2019 እ.ኤ.አ. በአንድ ጊዜ የሚያዘው ከፍተኛ መጠን ከ100 ፓውንድ ወደ 2 ወረደ። ቁማር ፈጥሮ በቁማር ላይ መሟገት ለአንዳንዱ ግብዝነት ይመስለዋል። ለእኔ ግን ወጥ ቤቱን የሚያውቅ ሰው ምስክርነት ነው።

ባለፈው መጨረሻ ላይ የደረሰኝ ንግሥት፣ 6፣ 3 ነበር። በአንዲት ነጥብ ያነሰች። መካሪው በትከሻዬ ላይ አጮልቆ አየ። ደንብ ደንብ ነው ብዬ ጣልኩ። አዳዩ ገለጠ፦ 10፣ 7፣ 2።

«ንግሥት ይዘህ?» አለ መካሪው።

ስለ አማካይ ኪሳራ ላስረዳው አፌን ከፈትኩ። አዛውንቱ እጄን ያዝ አደረጉኝና «ልጄ፣ ተወው» አሉ፤ «በሚቀጥለው እንደ እኔ ጨፍን።» አዳዩ መበወዝ ጀምሯል። ለማንም አልናገርም እንጂ፣ ካርታው ሲደርሰኝ ጨፈንኩ።