የዳላሱ ደብዳቤ

ባለፈው ሰመር አንዲት ወዳጄ እንጀራ እየጋገረች ደብዳቤ አስተረጎመችኝ። ረቂቁ ላይ የጣቷ ሊጥ አርፎበታል። የምትኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ከልጇ አባት ከተለያየች ሦስት ዓመት ሆኗታል። ቴክሳስ፣ ዳላስ ያለችው እህቷ ሥራ አግኝታላታለች፤ ልጁንም ልትይዝላት ነው። ታዲያ ሻንጣ ሸክፎ መሄድ ነዋ!

አይደለም። የአሳዳጊነት ውሳኔው ላይ አንድ ነገር ተጽፏል፦ መኖሪያ የሚቀይር ወላጅ ቢያንስ ከ90 ቀን በፊት ለሌላው በጽሑፍ ያሳውቅ። የሜሪላንድ ሕግ ዳኛው ይህን እንዲያዝ ይፈቅድለታል። ወንዙን ተሻግረን ቨርጂኒያ ስንገባ 30 ቀን ነው፤ እዚያ ደግሞ ዳኛው ሳያስገባው አያልፍም። (የሚደበድብ ሰው ለሸሸችማ ሜሪላንድ ማሳወቁን ያነሳላታል።)

«የወለድኩትን ልጅ ይዤ ለመሄድ?» አለች ምጣዱን እየከደነች። አባትየው እኮ በየእሁዱ ቤተ ክርስቲያን ደጅ የምታገኘው ሰው ነው። ግን ማሳወቂያው በአደራ ደብዳቤ ይላክለት፣ ፈርሞ እንዲቀበል። ሹልክ ብላ ብትሄድም አያዋጣትም። እሱ ሜሪላንድ እስካለ ድረስ ክርክሩን የሚያየው ያው የፈረደው ፍርድ ቤት ነው።

እኔ ያደግሁት ደሴ ነው። አንዲት ጎረቤታችን ከባሏ ተጣልታ ልጇን አዝላ በማለዳ አውቶቡስ አዲስ አበባ ገባች። አባትየው የሰማው በሦስተኛው ቀን፣ ጠላ ቤት ቁጭ ብሎ ነው። ሽማግሌ ተላከ። «ልጅ ከእናቱ ጋር ነው፣ የት ይሄዳል?» ተባለ፤ በቃ። ሕግ የለንም ማለቴ አይደለም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ ፍርድ ቤት ሲያፋታ ልጁ ከማን ጋር እንደሚኖርና ሌላው ወላጅ እንዴት እንደሚጠይቀው አብሮ እንዲወስን ያዛል። ግን ስንቱ ነው እዚያ ድረስ የሚሄደው? ያ ሰውዬ ልጁን መልሶ ያየው ጢም ካበቀለ በኋላ ነው።

ይህን ለወዳጄ ነገርኳት። አልወደደችውም። «አንተ የማታ ሥራ ገብተህ ልጅ ማን ጋር ልተው ብለህ ታውቃለህ?» አለችኝ። አላውቅም።

ደብዳቤው በደረሰው በአራተኛው ቀን አባትየው ደወለልኝ። ለጩኸት ተዘጋጅቼ ነበር።

«ሁለቴ አነበብኩት» አለ። «ልክሰስ አልክሰስ ገና አልወሰንኩም።»

ዝም አለ። ቀጥሎ፣ «ስማ እስቲ፣ ማክሰኞ የአውሮፕላን ትኬት ይረክሳል የሚሉት እውነት ነው?»