የነጩ ጓንት ነገር

ወንድሜ፣ የሐዋሳውን ፎቶ አይተህ «የብራና መጽሐፍ በባዶ እጅ? ነጩ ጓንት የት ሄደ? ቅርስ እያጠፉ ነው!» ብለሃል። ቁጣህ ከቅን ልብ ነው፤ ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። እኔም እዚሁ ሐዋሳ ረዳት ኩሬተር (የሙዚየም ቅርስ ተንከባካቢ) ነኝና ትንሽ ላስረዳህ።

ለብራናና ለወረቀት ዛሬ በአብዛኛው የሚመከረው በደንብ ታጥቦ የደረቀ እጅ ነው። የጥጥ ጓንት ጣትን ያደነዝዛል። ቅጠሉ የት ጋ እንደሳሳ፣ የት ጋ ሊቀደድ እንደደረሰ አይሰማህም። የጓንቱ ክር ደግሞ የተሰነጠቀ ጠርዝ ላይ ይያዛል፤ ሳብ ስታደርገው ቁራጩን ይዞ ይመጣል። የተላቀቀ ቀለም ካለማ አለቀ። ብራና ራሱ የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ነው፤ ንጹሕ እጅ በቀላሉ አይጎዳውም። ቀለበትና ሰዓት ይወልቃል። ሎሽንም ክልክል ነው፤ እጄ ሁሌ አመድ የሚመስለው ለዚህ ነው።

ጓንት ጭራሽ አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። የብር መስቀል ወይም የነሐስ አምባር ሲሆን የላብ ጨው አሻራህን ብረቱ ላይ ያስቀራል። ያኔ ናይትራይል ጓንት፣ ማለትም ሐኪሞች የሚያጠልቁትን ዓይነት ቀጭን የላስቲክ ጓንት እናጠልቃለን፤ ከጥጡ በተለየ ላብ አያሳልፍም፣ አያንሸራትትም። ለድሮ ፎቶግራፍም እንዲሁ። ነፍሳት እንዳይበሉት ድሮ አርሰኒክ የሚባል መርዝ የተቀባ ቆዳ ከሆነ ደግሞ ጓንቱ የሚጠብቀው ቅርሱን ሳይሆን እኛን ነው።

ነጩ ጓንት ለካሜራ ያምራል፣ አልክድም። ፎቶው ላይ መቆጣት ካለብህ ግን ከመጽሐፉ አጠገብ የተቀመጠው የቡና ስኒ ላይ ተቆጣ። እሱ እውነተኛ ጥፋት ነው።